የወንበራችን ታሪክ የት ነው የተቀመጠው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት ያነበብኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከፊት ገጹ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው አንዲት መስመር የማላስቀር የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ መምህርነት ነበር፤ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። በቅርቡ ስለ አገራችን ምርጫዎች ያወጣችሁትን ሙሉ ገጽ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በ1997 ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር እንዳገኙ፣ በ2002 ገዢው ፓርቲ ብቻውን 499 እንደወሰደ፣ በ2013 ደግሞ ሰኔ 14 ቀን ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን እንደያዘ ጽፋችኋል። ልክ ነው፣ ስህተት አላገኘሁበትም። ጋዜጣውን አጥፌ ካስቀመጥኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ከእነዚያ ሁሉ ወንበሮች አንዱ እኔ ድምፅ የምሰጥበት ነው። እዚያ ላይ እነማን ተቀመጡበት? በስንት ድምፅ? ማንን አሸንፈው? ስለዚህ ገጹ ላይ አንዲት ቃል የለም።

በእናንተ ብቻ አልፈርድም። በማግስቱ ጥያቄውን አቶቴ አካባቢ ወደምጠጣበት ጀበና ቡና ይዤው ሄድኩ። አምስት ሰው ነበርን። «ፓርላማ የሚወክለን ማን ነው?» አልኩ። አንዱ የከንቲባውን ስም ጠራ። ባንክ የሚሠራው የቀድሞ ተማሪዬ የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ጠራና ወዲያው ተሳስቶ እንደሆነ ገብቶት ሳቀ። የባጃጅ ሹፌሩ «ቲቸር፣ ፓርላማው እኮ ያለው አዲስ አበባ ነው» ብሎ ሊያርመኝ ሞከረ። ቡና የምታፈላው ልጅ ከሁሉም ይልቅ እውነቱን ተናገረች፤ «እኔ አምፖሉን ነው የመረጥኩት፣ ሰውየውን አላውቀውም» አለች፤ አምፖሉ የብልጽግና የምርጫ ምልክት ነው። እኔስ? የአሁኑን አውቃለሁ። ከሱ በፊት የነበሩትን ግን አንድ፣ ሁለት ብዬ ልቆጥር ስል ሁለተኛው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ያውም በሦስት ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ የሠራሁ ሰው!

አባቴ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ይርጋለም ገበያ ዳር አንዲት ሲንጀር ይዞ። ሐዋሳ ገና መቆርቆሯ ነበር፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትም ከይርጋለም አልተዛወረም። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ፣ በ1950 የመጀመሪያው ምርጫ ሆነ፣ ከዚያ በየአራት ዓመቱ ገደማ፦ 1953፣ 1957፣ 1961፣ 1965። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመወዳደር በምርጫው ወረዳ ውስጥ ንብረት ያስፈልግ ነበርና አባቴ «እኔ መምረጥ እንጂ መመረጥ አልችልም፣ ንብረቴ ሲንጀሯ ናት» ይል ነበር። በ1957፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት ማለት ነው፣ ድምፁን የሰጠው ኮት ላሰፋው ደንበኛው ነው። ሰውየው አሸነፈ፤ የኮቱን ስፌት ሦስት ብር ሳይከፍል አዲስ አበባ ገባ። አባቴ እስኪሞት ድረስ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ይጠራው ነበር። ለእረፍት ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ስለ ብሩም፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ መብዛትም ይጠይቀዋል። ስለ መንገዱ የሰጠውን መልስ ነግሮናል። ብሩ ግን አልተከፈለም።

ያንን ዘመን ላሞግስ አይደለም። ያ ምክር ቤት አቅሙ ምን ያህል እንደነበር፣ የመጨረሻው ቃል የማን እንደነበር እናውቃለን። ደርግም በመስከረም 1967 ዘጋው። እኔ የምለው ስለ ቃሉ ነው። ያኔ ተመራጩን «እንደራሴ» ነበር የሚሉት። ቃሉን ቆርሶ ለሚያየው «እንደ ራሴ» ነው፤ በእኔ ቦታ የሚቆም። አባቴ በእሱ ቦታ የቆመውን ሰው መልኩንም፣ የትከሻውን ልክም ያውቅ ነበር። በሜትር ለክቶታላ!

የሸንጎውን ምርጫ እኔም ደርሼበታለሁ። ጥር 1979 በሕገ መንግሥቱ ላይ ድምፅ ሰጠን፣ ሰኔ 1979 ደግሞ የብሔራዊ ሸንጎ አባላትን መረጥን፤ 835 ነበሩ። አዲስ መምህርት ነበርኩ። ከሰልፉ የማስታውሰው የቀበሌው ሊቀመንበር መቅረታችንን የሚቆጣጠርበትን መዝገብ ነው። የተመረጠው ማን ነበር ብትሉኝ ከፊቴ ድቅን የሚለው ያ መዝገብ እንጂ የሰው ፊት አይደለም። ስለዚህ ምርጫ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በ1987 ግንቦት፣ የአሁኑ ሕገ መንግሥት በጸደቀ በወራት ውስጥ በተደረገው ምርጫ፣ መዝጋቢ ሆኜ ሠራሁ። በ1992 እንደገና። በ1997 የአንድ ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆንኩ፤ ጣቢያው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ከ1992 ጀምሮ የጣቢያዬን ነገር በተማሪ ደብተር ላይ የመገልበጥ ልማድ አወጣሁ። ለምን እንደጀመርኩት በትክክል አላውቅም። ምናልባት የአስተማሪ አመል ነው፤ ውጤት ሳይመዘገብ ሲቀር ያሳክከኛል።

ስለ ግንቦት 7 ቀን 1997 ምሽት ትንሽ ልበል። ሰዉ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ ስለነበር ምሽት ላይ የመጨረሻው መራጭ ሲወጣ እግሬን መሬት ላይ ማሳረፍ አቅቶኝ ነበር። ዴስኮቹን አገጣጥመን ሰፊ ጠረጴዛ አደረግናቸው። ተማሪዎች በምላጭ ስማቸውን የፈለፈሉባቸው ዴስኮች ናቸው፤ ወረቀት ሲዘረጋባቸው በየጉድጓዱ ይይዛል። የሳጥኑን እሽግ ቁጥር ለፓርቲ ወኪሎቹና ለታዛቢዎቹ አነበብኩ፣ ተቆረጠ፣ ተገለበጠ። ወረቀቶቹ ሲወርዱ የሚያሰሙት ድምፅ የጤፍ ጆንያ እንደመገልበጥ ነው። መብራት የጠፋው ያኔ ነው። ጥበቃው ፋኖስ አመጣ፣ አንዱ ወኪል ከኪሱ ሻማ አወጣ። «ሻማ ይዘህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብንለው «እዚህ አገር ቆጠራ ያለ ሻማ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ የየትኛው ፓርቲ ወኪል እንደነበር አልናገርም።

አንድ አንድ ወረቀት እያነሳሁ፣ ገልጬ ለሁሉም እያሳየሁ፣ ምልክቱን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ንብ፣ ሁለት ጣት፣ ንብ። የእጩውን ስም የሚጠራ አልነበረም፤ እኔም አልጠራሁም። ይህን ያሰብኩት ዘንድሮ ነው እንጂ ያኔ ልብም አላልኩት። አጨቃጫቂ ወረቀቶች ነበሩ። የኤክስ ምልክቷ አንድ እግሯ ወደ ጎረቤት ሳጥን የገባ፣ በሁለት ሳጥን መካከል መስመሩ ላይ የተፈረመ አውራ ጣት። አንዲት ወረቀት ላይ መራጩ ከምልክቱ ጎን «እግዜር ይርዳህ» ብሎ ጽፏል። ይቆጠራል? አይቆጠርም? በሷ ላይ ብቻ ሩብ ሰዓት ቆየን።

ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን አለቀ። ተፈራረምን። የውጤት ቅጹን በካርቦን ሞልተን አንዱን ቅጂ በክፍሉ በር ላይ ለጠፍነው። ማጣበቂያ ስላልነበረ ጥበቃው ከዱቄት አብስሎ አመጣልን። ጠዋት ተመልሼ ስመጣ የአንድ ጎረቤት ፍየል ዱቄቱን ስትልስ ደረስኩ፤ ከወረቀቱ ግማሹን ከታች ወደ ላይ በልታዋለች። የቀረው ርዕሱና የተመዝጋቢው ቁጥር ነው። ማን ምን ያህል እንዳገኘ ፍየሏ ሆድ ገባ። እኔ ማታውኑ ደብተሬ ላይ ገልብጬ ስለነበር ሊያዩ ለመጡ ሰዎች ከደብተሬ አነበብኩላቸው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። የአንድ ጣቢያ ቁጥር ነው፤ ብቻውን በጋዜጣ ከወጣ የከተማው ሁሉ ውጤት ይመስላል። የምርጫ ክልሉ ውጤት የሁሉም ጣቢያዎች ድምር ነው፣ የጎደለኝም እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የ1997 ውጤት ክርክር ውስጥ ገባ፣ አቤቱታው በዛ፣ በ31 ምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ፣ ሶማሌ ክልልም በዚያው ቀን መረጠ። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። በዚህ መካከል የየምርጫ ክልሉ ቁጥር በአገሩ ድምር ተዋጠ። 327 እና 109 የሚሉት ቁጥሮች የሁላችን ቤት ገቡ። ሁለቱ ግን ከታች፣ ከየፋኖሱ ሥር ተለቅመው የተደመሩ መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ቡናው ላይ ካፈርኩ በኋላ ቢያንስ የራሴን ምርጫ ክልል ከ1987 እስከ 2013 ያለውን ላሟላ ተነሳሁ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልጠቅስም፣ ልጆቹ ሥራቸው ላይ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠረጴዛ «መዝገብ ቤት ይጠይቁ» አለችኝ። መዝገብ ቤት «ይህ የእኛ አይደለም፣ ላይኛው ፎቅ ነው»። ላይኛው ፎቅ ያለው ወጣት በትሕትና አስቀመጠኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ማዘር፣ ለምን ፈለጉት? የየትኛው ፓርቲ ኖት?» አለኝ። «የየትኛውም አይደለሁም፣ ጡረተኛ ነኝ» አልኩት። ግራ ገባው። የሚያውቀው ውጤት ጠያቂ ወይ ፓርቲ ነው ወይ ጋዜጠኛ ወይ ፈረንጅ ተመራማሪ። በመጨረሻ ደብዳቤ አስገቢ ተባልኩ። ደብዳቤ ለማስገባት ደግሞ ከተቋም የተጻፈ መሸኛ ያስፈልጋል። የእኔ ተቋም የጡረታ ደብተሬ ነው።

ሌላ ያስገረመኝ ነገር አለ። የሌላውን ምርጫ ክልል ታሪክ ሰው ያውቀዋል። እዚያው ቡና ቤት ጠይቄያለሁ። «በ2002 ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የገቡት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው?» ብል የባንኩ ልጅ ሳያቅማማ መለሰ፤ ከአዲስ አበባ ወረዳ 6 የመድረኩ ግርማ ሰይፉ፣ ከቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ማሸነፋቸውንም ያውቃል። ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስን ሐድያ እንደመረጣቸው የባጃጅ ሹፌሩም ነገረኝ፤ እሱ ከሆሳዕና ነው የመጣው። ወንበር እንዲታወስ ያልተጠበቀ ሰው ሊያሸንፍበት ግድ ነው ማለት ነው? እንደተጠበቀው ያለቀ ወንበር ታሪክ የለውም?

አንድ ሰው ተነስቶ «ሐዋሳ የድምፅ ታሪኳን ትረሳለች እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። አትረሳም። ኅዳር 10 ቀን 2012 የተሰጠውን ሕዝበ ውሳኔ እዚህ ከተማ የትኛውም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይነግራችኋል። ሻፌታ እና ጎጆ፤ ሻፌታው ሲዳማ ክልል ይሁን፣ ጎጆው ከደቡብ ክልል ጋር እንቀጥል። 98.51 በመቶ ሻፌታውን መረጠ። ያንን ቁጥር ከነጥቡ በኋላ ያለውን ሳይቀር የሚያውቅ ሕዝብ ፓርላማ የላከውን ሰው ስም አለማወቁ የማስታወስ ችግር አይደለም። ሻፌታው የራሱ ጉዳይ ነበር፣ ውጤቱም በየአደባባዩ ተነገረው። የፓርላማው ወንበር ግን በአብላጫ ድምፅ ለአንዱ ይሰጣል፣ ለሌሎቹ የተሰጠው ድምፅ ስንት እንደነበር እንኳ ሳንሰማ ይዘጋል። አራት ሰው ቢወዳደርና ድምፁ ቢበታተን ከመራጩ ግማሽ ያነሰው ብቻ የደገፈው ሰው ሊገባ ይችላል። እኛ ጋ እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ከሆነስ በየትኛው ዓመት? የሚመልስልኝ መዝገብ ነው የምፈልገው።

የጂኦግራፊ መምህርት ስለነበርኩ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1987 ቆጠራ ሐዋሳ ከተማ 69,169 ሕዝብ ነበራት። በ1999 ቆጠራ 157,139። በ12 ዓመት ከእጥፍ በላይ! ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ በመካከሉ ግን ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ተከፍቶ ስንት ሺህ ወጣት ሴት ከየገጠሩ መጥታ በየግቢው ኪራይ ቤት ገብታለች። ከእኔ ግቢ ጀርባ በአንዲት ክፍል አራት ሆነው ይኖራሉ፤ በሽፍት ስለሚገቡ አልጋው አይበርድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ይላል። የወንበሩ ብዛት ግን ለዓመታት 547 ላይ እንደቆመ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ከ550 እንዳይበልጥ ገድቦታል። እህቴ የምትኖረው አዳማ ነው። እዚያም ከተማው በ1987 127,842 ነበር፣ በ1999 220,212 ሆነ። ስልክ ደውዬ «የአዳማ ተመራጭሽ ማን ነው?» ብላት «አንቺ ደግሞ ሥራ ፈታሽ?» አለችኝ። አንድ ሰው ስንት ሕዝብ ይዞ እንደሚቀመጥ ካልታወቀ የ1992ን ድምፅ ከ2013 ጋር ማስተያየት ራሱ ከባድ ነው። ክፍል ውስጥ ብሆን ካርታ ሰቅዬ አሳያችሁ ነበር።

በ2013 እኔ መራጭ ብቻ ነበርኩ። ሰኔ 14 ማለዳ ቁርሴን ሳልበላ ተሰለፍኩ። በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ጎረምሶች በሞባይል ሲያነሱት አየሁ፤ ደስ አለኝ፣ ፍየል አይበላውም ብዬ። ከዓመት በኋላ ከነሱ አንዱን አግኝቼ ፎቶው አለህ ወይ ብለው «ስልኬ ተሰርቋል ቲቸር» አለኝ።

እንግዲህ ከጋዜጣው የምጠይቀው ይህን ነው። የሚቀጥለው ምርጫ ዘገባ ሲጀመር፣ ከአገሩ ድምር ጎን በየሳምንቱ የአንድ ምርጫ ክልልን ታሪክ አውጡ። ከሐዋሳ ጀምሩ ማለቴ አይደለም፤ ከፈለጋችሁ ከቦንጋ ጀምሩ። ማን ተወዳደረ፣ በየትኛው ምልክት፣ ስንት ድምፅ አገኘ፣ አሸናፊው ምክር ቤት ገብቶ ምን ጠየቀ። ለእናንተ መሸኛ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የለም፤ ቢኖርም መሸኛውን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ያገኛችሁትን አንድ ቅጂ ለየከተማው ቤተ መጻሕፍት ብትሰጡ ደግሞ እንደኔ ያለ ሰው ላይኛው ፎቅ መውጣት አያስፈልገውም፤ ጉልበቴም አይችልም። በየጣቢያው የሠሩ መምህራንም ጋዜጣውን ያነባሉ። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የእኔን የመሰለ ደብተር የያዘ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይላክ ብላችሁ ብትጽፉ የሚያፍር አይመስለኝም። አስፈጻሚ ሆኖ የሠራ ሰው በየትኛው ወገን ላይ እንደነበር ማንም አይጠይቀው፤ የቆጠረውን ብቻ ይላክ።

እኔ በበኩሌ የ1992 እና የ1997 ደብተሮቼን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ከ1992ቱ ሁለት ገጽ ውሃ ገብቶበት አይነበብም፤ ጣሪያው ያፈሰሰበት ክረምት ነው። በ1997ቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈው «ሻማ 2» የሚለው የድምፅ ቁጥር አይደለም፤ ለወኪሉ በማግስቱ የተካሁለት ነው።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርት
ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይልኝ)